«ደህና ነኝ» ያለውን መሣሪያ ማን ይመነው?

ታኅሣሥ 13 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 23 ቀን 2015፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ። በምዕራብ ዩክሬን፣ ኢቫኖ-ፍራንኪቭስክ ከተማ፣ በአንድ የኤሌክትሪክ አከፋፋይ ድርጅት የመቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ የቀን ፈረቃው ሊወጣ እየተሰናዳ ነው። አንዱ ኦፕሬተር ዓይኑን ወደ ስክሪኑ ሲመልስ የማውሱ ቀስት ማንም ሳይነካው ይንቀሳቀሳል። ቀስቱ የአንድ ማከፋፈያ ጣቢያ ብሬከሮች ወደሚታዩበት ሄዶ አንዱን ጠቅ አደረገ። ሲስተሙ እንደ ደንቡ ማረጋገጫ ጠየቀ፤ ቀስቱም አረጋገጠ። ኦፕሬተሩ ማውሱን ይዞ ቢጎትት አልታዘዝ አለው። ከሲስተሙ ወጥቶ እንደገና ልግባ ሲል የይለፍ ቃሉ ተቀይሯል። ከዚያ ወዲያ ቁጭ ብሎ ከማየት በቀር ምንም አልቀረለትም፤ መብራቱ ጣቢያ በጣቢያ ጠፋ።

በዚያ ምሽት በሦስት አከፋፋይ ድርጅቶች ሥር ያሉ 225,000 ያህል ደንበኞች ጨለማ ውስጥ ገቡ። ስለዚህ ጥቃት ብዙ ተጽፏል። ከወራት በፊት በኢሜይል ስለተላከው የዎርድ ፋይል፣ ብላክኢነርጂ ስለተባለው ማልዌር፣ ደንበኞች ደውለው እንዳይነግሩ በሐሰት ጥሪ ስለተጨናነቀው የስልክ መስመር። የማውሱ ቀስት ለወሬ ይመቻል። እኔን የሚይዘኝ ግን ማንም ያላየው፣ በዚያው ቀን ከሩቅ የተፈጸመ ሌላ ሥራ ነው።

በየማከፋፈያ ጣቢያው ትንንሽ ሳጥኖች አሉ። ሥራቸው ተራ ነው፤ ከጣቢያው አሮጌ መሣሪያዎች በቀጭን ሽቦ የሚመጣውን ምልክት ተቀብለው ኔትወርክ በሚረዳው መልክ ያስተላልፋሉ፣ ከማዕከል የሚመጣውን ትእዛዝም መልሰው ያደርሳሉ። ኮምፒውተር አይመስሉም። ስክሪንም ኪቦርድም የላቸውም። ውስጣቸው ግን ፕሮሰሰር፣ ሜሞሪና ፈርምዌር የሚባለው፣ መሣሪያውን መሣሪያ የሚያደርገው ሶፍትዌር አለ። ጥቃት አድራሾቹ በ16 ጣቢያዎች የሚገኙትን የእነዚህን ሳጥኖች ፈርምዌር በማይረባ ነገር ደምስሰው ጻፉበት። ሳጥኖቹ በድን ሆኑ። ማዕከሉ «ብሬከሩን መልስ» ቢል የሚሰማው የለም።

ሠራተኞቹ በመኪና እየተበተኑ ብሬከሮቹን በእጃቸው መለሱ፤ በስድስት ሰዓት ውስጥ መብራቱ መጣ። ሳጥኖቹ ግን አልተመለሱም። መጠገን የማይቻሉ ስለነበሩ መቀየር ነበረባቸው፤ ከወራት በኋላም አንዳንዱ ጣቢያ በእጅ ነበር የሚሠራው።

አንድ ጥያቄ ላንሳ። እነዚያ ሳጥኖች በድን ባይሆኑስ? ጥቃት አድራሾቹ ፈርምዌሩን ከማጥፋት ይልቅ በሌላ ተክተውት፣ ሳጥኑ እንደ ወትሮው እየሠራ፣ አልፎ አልፎ ብቻ የሌላ ሰው ትእዛዝ ቢፈጽምስ? ማን ያውቅ ነበር? ድርጅቱ ከማዕከሉ ሆኖ ሳጥኖቹን «ደህና ናችሁ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ሁሉም «ደህና ነን» ባሉ ነበር።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም፤ ከዚያ ቀደም ሲል ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2010 ቪረስብሎክአዳ የተባለ የቤላሩስ ኩባንያ ያገኘው ስታክስኔት፣ ኢራን ናታንዝ የሚገኙትን የዩራኒየም ማበልጸጊያ ሴንትሪፊውጆች ለማበላሸት የተሠራ ነበር። ሴንትሪፊውጆቹን የሚያሽከረክሩት ፒኤልሲ የሚባሉ፣ ሲመንስ የሠራቸው የኢንዱስትሪ ኮምፒውተሮች ናቸው። ስታክስኔት የማሽከርከሪያውን ፍሪኩዌንሲ ከተለመደው 1,064 ኸርዝ ወደ 1,410 ያወጣል፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ወደ 2 ኸርዝ ያወርዳል። ጉዳቱ ያ ነው። ተንኮሉ ግን ሌላ ነው፤ ኢንጂነሩ ፒኤልሲው ላይ ያለውን ፕሮግራም አውጥቶ ልይ ሲል፣ በራሱ ኮምፒውተር ላይ የተተካ አንድ ፋይል መሃል ይገባና የተበከለውን ደብቆ የድሮውን ንጹሕ ኮድ ያሳየዋል። ጀርመናዊው ራልፍ ላንግነር እንደተነተነው፣ አንዱ የስታክስኔት ክፍል ከዳሳሾቹ 21 ሴኮንድ የሚያህል ጤናማ ንባብ ቀድቶ፣ ጥቃቱ በሚካሄድበት ጊዜ ያንኑ ደጋግሞ ያሳይ ነበር። ቀበሮ ምስክሯ ጅራቷ እንደሚባለው ነው፤ መርማሪው የተጠርጣሪውን ቃል በተጠርጣሪው አፍ ሲሰማ ነበር።

መሣሪያን ስለራሱ መጠየቅ

የደህንነት ተመራማሪዎች ይህን ችግር የሚፈቱበትን መንገድ አቴስቴሽን ይሉታል። ምስክርነት ብንለው ያስኬዳል። አሠራሩ ሲታይ ቀላል ነው። አረጋጋጩ፣ ማለትም ጤነኛ ነው ተብሎ የሚታመን ሰርቨር፣ መሣሪያውን ይጠይቃል፦ «ሜሞሪህ ውስጥ ያለውን ሁሉ አንብብና አሻራውን አውጥተህ ላክልኝ።» አሻራው ሃሽ የሚባለው ስሌት ውጤት ነው፤ ከሜሞሪው አንዲት ቢት ብትለወጥ አሻራው ከላይ እስከ ታች ይለወጣል። አረጋጋጩ ጤነኛው ፈርምዌር ምን አሻራ እንዳለው ስለሚያውቅ ያስተያያል። ጥያቄው በመጣ ቁጥር አዲስ፣ ከዚያ በፊት ያልታየ የዘፈቀደ ቁጥር አብሮ ይላካል፤ ይህ ቁጥር ስሌቱ ውስጥ ስለሚገባ የትናንቱን መልስ ቀድቶ ዛሬ መላክ አይቻልም። የናታንዙ ዓይነት የተቀዳ ንባብ እዚህ ላይ ይወድቃል።

ግን አሻራውን የሚያወጣው ራሱ መሣሪያው ነው። የተበከለ መሣሪያ የንጹሑን ፈርምዌር ቅጂ አንድ ጥግ አስቀምጦ፣ ሲጠየቅ አሻራውን ከዚያ ቅጂ ቢያወጣስ? የዚህ ሙያ ታሪክ በሞላ ጎደል ለዚህች ጥያቄ መልስ ፍለጋ ነው።

ከመልሶቹ ሁሉ የሚገርመኝ እ.ኤ.አ. በ2004 የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያቀረቡት ስዋት የተባለው ነው። ልዩ ቺፕ አይፈልግም፤ የሚፈልገው ሰዓት ብቻ ነው። አረጋጋጩ መሣሪያው ሜሞሪውን በተርታ ሳይሆን በዘፈቀደ እየዘለለ እንዲያነብ ያዝዘዋል፤ የትኛው አድራሻ ቀጥሎ እንደሚመጣ አስቀድሞ መገመት አይቻልም። የተበከለው መሣሪያ ለመዋሸት ከፈለገ በእያንዳንዱ ንባብ «ይህ አድራሻ የደበቅኩት ቦታ ነው ወይስ አይደለም?» ብሎ መፈተሽ አለበት። ፈተናው ጥቂት የፕሮሰሰር ዑደት ይፈጃል። ንባቡ እጅግ ብዙ ጊዜ ስለሚደጋገም ጥቂቱ ተጠራቅሞ በግልጽ የሚለካ መዘግየት ይሆናል። መልሱ ትክክል ሆኖ ከዘገየ፣ ውሸት ነው።

መቼም ረቂቅ ሐሳብ ነው። ችግሩ ሐሳቡ የቆመበት መሬት ነው። መልሱ የሚመጣው በሬዲዮ፣ በሌላ መሣሪያ በኩል፣ በተጨናነቀ ኔትወርክ ከሆነ፣ መዘግየቱ የውሸት ነው የመንገድ? መሣሪያው ጥያቄውን ለፈጣን ኮምፒውተር አሳልፎ አሠርቶስ እንደሆነ? እ.ኤ.አ. በ2009 ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ ጥቃቱን በምርመራው ሰዓት ከፕሮግራም ሜሞሪው አውጥቶ ምርመራው ሲያልቅ መልሶ የሚተክል ዘዴ አሳዩ። ሰዓት ብቻውን ምስክር አይሆንም።

ሁለተኛው መንገድ በሃርድዌር ላይ ትንሽ መጨመር ነው። እንደ ባንክ ሰርቨር ያሉ ትልልቅ ማሽኖች ለዚሁ ሥራ የተለየ ቲፒኤም የሚባል ቺፕ አላቸው። የአንድ ዳሳሽ ዋጋ ግን የቺፑን ዋጋ አይሸከምም፤ ጥቂት ኪሎባይት ሜሞሪ ያለው፣ በባትሪ የሚሠራ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የቀረበው ስማርት የተባለው ንድፍ «ለመሆኑ የግድ የሚያስፈልገው ከሁሉ ያነሰው ነገር ምንድን ነው?» ብሎ ተነሣ። ያገኘው መልስ ይህ ነው።

መሣሪያው አሻራውን የሚያትምበት አንድ ምስጢራዊ ቁልፍ አለው። አሻራውን የሚያወጣው ኮድ፣ ከፋብሪካ ሲወጣ በተጻፈ፣ ከዚያ በኋላ ሊነበብ እንጂ ሊጻፍበት በማይችል ሜሞሪ ውስጥ ተቀምጧል። ፕሮሰሰሩ ደግሞ አንድ ሕግ በሽቦ ተሠርቶበታል፤ አሁን እየተፈጸመ ያለው ትእዛዝ የመጣው ከዚያ ኮድ ውስጥ ካልሆነ፣ ቁልፉ የተቀመጠበትን አድራሻ የሚያነብ ሁሉ ምንም አያገኝም። ወደ ኮዱ መግባት የሚቻለው በመጀመሪያው ትእዛዝ ብቻ፣ መውጣትም በመጨረሻው ብቻ ነው። መሃል ላይ ዘልሎ ልግባ ያለ ፕሮግራም መሣሪያውን እንደገና ያስነሣዋል። ኮዱ ሥራውን ሲጨርስ በሜሞሪ ላይ የተወውን የቁልፍ ርዝራዥ ሁሉ ጠርጎ ይወጣል። ስለዚህ ማልዌሩ የመሣሪያውን ሌላ ክፍል ሁሉ ቢቆጣጠር እንኳ ቁልፉን አያየውም፤ ቁልፉን ካላየ ደግሞ የንጹሑን ፈርምዌር አሻራ ቢያውቀውም ማተም አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2019 ቭራሰድ የተባለው ሥራ ይህን የመሰለ ንድፍ በትክክል እንደሚሠራ በሒሳብ ማረጋገጫ አሳይቷል።

እዚህ ላይ አንድ ክፉ ምርጫ አለ። ምርመራው በሚካሄድበት ጊዜ መሣሪያው ሌላ ሥራ መሥራት የለበትም፤ መሃል ላይ እንዲቋረጥ ከተፈቀደ ማልዌሩ ካልተነበበው ክፍል ወደ ተነበበው ክፍል እየሸሸ ያመልጣል። መሣሪያው ግን የእሳት አደጋ ዳሳሽ ቢሆንስ? ሜሞሪውን እያነበበ ባለበት ሴኮንድ ጭስ ቢነሣስ? ደካማ ፕሮሰሰር ላለው መሣሪያ አንድ ምርመራ ሴኮንዶች ሊወስድ ይችላል። በተግባር የሚደረገው መስማማት ነው፤ ከፊሉ ሜሞሪ ይቆለፋል፣ ከፊሉ ይለቀቃል፣ የምርመራው ቅደም ተከተል በዘፈቀደ ይሆናል። ሁሉም የሆነ ነገር ያስከፍላል።

ብዙ ሲሆኑ

እስካሁን ያልነው ለአንድ መሣሪያ ነው። አሁን መሣሪያዎቹ አንድ ሚሊዮን ናቸው እንበል፤ የአንድ ከተማ የኤሌክትሪክ ቆጣሪዎችና የመንገድ መብራቶች። አንዱን ጠይቆ መልሱን ማረጋገጥ የሴኮንድ አንድ አሥረኛ ቢወስድ፣ ተራ በተራ ለመጨረስ 28 ሰዓት ያህል ይፈጃል። የመጨረሻው ሲጠየቅ የመጀመሪያው ከተጠየቀ ቀን አልፎታል፤ በዚያ መሃል የሆነውን ማን ያውቃል? ደግሞ አብዛኞቹ መሣሪያዎች በቀጥታ ከማዕከሉ ጋር አይነጋገሩም። መልእክታቸው በጎረቤት በኩል፣ በጎረቤት ጎረቤት በኩል ነው የሚደርሰው።

ከዩክሬኑ ጥቃት ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2015፣ ዴንቨር በተካሄደ ጉባኤ ላይ ከፊንላንድ፣ ከጀርመንና ከአሜሪካ የተውጣጡ ተመራማሪዎች ሴዳ የተባለ አሠራር አቀረቡ። አሥር አለቃ ለሃምሳ አለቃ፣ ሃምሳ አለቃ ለመቶ አለቃ ሪፖርት እንደሚያደርግበት የጦር ሠራዊት ቆጠራ ነው። ቀረብ ብለን እንየው።

መሣሪያዎቹ ሲተከሉ እያንዳንዱ ከጎረቤቱ ጋር ይተዋወቃል። ቁልፍ ይለዋወጣሉ፤ «የእኔ ጤነኛ አሻራ ይህ ነው» የሚል፣ በባለቤታቸው ፊርማ የታተመ የምስክር ወረቀትም ይሰጣጣሉ። የምርመራው ቀን ሲደርስ ማዕከሉ ጥያቄውን ለአንድ መሣሪያ ብቻ ይልካል። ያ መሣሪያ ለጎረቤቶቹ፣ ጎረቤቶቹም ለጎረቤቶቻቸው ያስተላልፋሉ፤ ጥያቄውን መጀመሪያ ያደረሰው ወላጅ፣ የተቀበለው ልጅ ይሆናል። ሁሉም እንዲህ ሲያያዝ ዛፍ ይሠራል። ከሥሩ ልጅ የሌለው መሣሪያ የራሱን አሻራ አውጥቶ ለወላጁ ይሰጣል። ወላጁ አሻራውን ከምስክር ወረቀቱ ጋር ያስተያይና ሁለት ቁጥሮች ይይዛል፤ በሥሬ ስንት አሉ፣ ከእነሱ ውስጥ ስንቱ አለፉ። ከልጆቹ የመጡትን ቁጥሮች ይደምራል፣ የራሱን አሻራ ጨምሮ ወደ ላይ ያሳልፋል። በመጨረሻ ማዕከሉ ጋ የሚደርሰው አንድ አጭር መልእክት ነው፦ ከአንድ ሚሊዮን 999,984ቱ ደህና ናቸው።

ፍጥነቱ የሚመጣው ሥራው በአንድ ጊዜ በየቦታው ስለሚሠራ ነው። እያንዳንዱ መሣሪያ ሁለት ልጅ ብቻ ቢኖረው እንኳ 20 ያህል ደረጃ ያለው ዛፍ ከአንድ ሚሊዮን በላይ መሣሪያ ይይዛል። በቀጣዩ ዓመት የወጣው ሳና የተባለው አሠራር፣ አንድ ሚሊዮን መሣሪያዎችን በ2.5 ሴኮንድ አረጋግጣለሁ ብሏል። ቁጥሩ በሲሙሌሽን የተገኘ ነው። አንድ ሚሊዮን መሣሪያ ገዝቶ ሜዳ ላይ የዘረጋ ተመራማሪ የለም፤ በዚህ መስክ የሚነበበው ቁጥር ሁሉ በዚህ ዓይን መታየት አለበት።

«ወላጁ ራሱ የተበከለ ቢሆንስ?» የሚል ጠያቂ ልክ ነው። መልሱ ከላይ ያየነው የተቆለፈ ኮድ ነው። የልጆቹን አሻራ የሚያስተያየው፣ ቁጥሩን የሚደምረውና የሚያትመው ማልዌር ሊነካው በማይችለው ኮድ ስለሆነ፣ ወላጁ ቢበከልም የልጆቹን ቆጠራ ማዛባት አይችልም፤ የራሱን ሕመም ደግሞ የራሱ ወላጅ ያየዋል። ጥቃቱ በሶፍትዌር ብቻ እስከሆነ ድረስ ይህ ይሠራል።

አንድ ሰው መሣሪያውን ከግንብ ነቅሎ፣ ቤቱ ወስዶ፣ ቺፑን ፈትቶ ቁልፉን ካወጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያ ሰው አሁን የአንድ ወላጅ ማኅተም አለው። ከዚያ በታች ስላሉት ሺህ መሣሪያዎች የፈለገውን ቁጥር ሊያትም ይችላል። ሳና ይህን ለመቀነስ ሞክሯል፤ መሃል ላይ ሆኖ የሚደምረው መሣሪያ መታመን ሳያስፈልገው፣ የብዙዎቹ ፊርማ በአንድ ላይ ተጨምቆ ማዕከሉ በቀጥታ እንዲያረጋግጠው አድርጓል። ሌላው መንገድ በዚያው በ2016 የወጣው ዳርፓ ነው። እዚህ ላይ ስሙ የአሜሪካው ተቋም ሳይሆን የአሠራሩ ምሕጻር ነው። ዳርፓ የሚነሣው ከአንድ ተራ እውነት ነው፤ መሣሪያን ከፍቶ ቁልፉን ማውጣት ጊዜ ይፈጃል፣ በዚያ ጊዜ መሣሪያው ዝም ይላል። ስለዚህ ሁሉም መሣሪያዎች በየተወሰነ ደቂቃ «አለሁ» ይባባሉ። ተራው ደርሶ ድምፁ ያልተሰማ፣ ተመልሶ ቢመጣም ተጠርጣሪ ነው።

ከዚህ ሁሉ ጥናት ለሥራ የሚጠቅመኝ አንድ ነገር አውጣ ብባል ይህን ነበር የማወጣው፦ ዝምታም መልስ ነው። አብዛኛው ሰው ምርመራ ሲባል ውሸታሙን መያዝ ይመስለዋል። በዩክሬን ግን እነዚያ 16 ጣቢያዎች አልዋሹም፤ ዝም አሉ። ምስክርነት የዩክሬኑን ጥቃት አያስቀረውም ነበር። ብሬከሮቹን ያወረዱት በኦፕሬተሩ ሥልጣን ገብተው ነው፤ ፈርምዌሩ እንዳይተካ የሚያደርገው ደግሞ ፊርማ የሌለውን ፈርምዌር አልቀበልም የሚል ሳጥን ነው። ምስክርነት የሚነግረን ሌላ ነገር ነው፤ የትኛውን ማመን እንደሌለብን፣ መኪናውንም መጀመሪያ ወዴት መላክ እንዳለብን።

ንጹሕ ሆኖ መገኘት

እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ማልዌር በዓለም ዙሪያ የደህንነት ካሜራዎችንና ራውተሮችን ወረረ። የረቀቀ አልነበረም፤ 60 የሚያህሉ ከፋብሪካ የሚወጡ የይለፍ ቃሎችን አንድ በአንድ እየሞከረ ነበር የሚገባው። በጣም በበረታበት ጊዜ 600,000 ያህል መሣሪያዎች ነበሩት። በኦክቶበር 21 ዳይን የተባለውን ኩባንያ ሲያጥለቀልቀው በአሜሪካ ትዊተርንና ኔትፍሊክስን የመሰሉ ድረ ገጾች ለሰዓታት አልከፈት አሉ። ለእኛ ጉዳይ ዋናው ነገር ግን ሚራይ የሚኖርበት ቦታ ነው። በመሣሪያው ቋሚ ሜሞሪ ላይ አይጻፍም፤ ከገባ በኋላ የራሱን ፋይል ያጠፋና በጊዜያዊው ሜሞሪ ውስጥ ብቻ ይኖራል። ካሜራውን አጥፍቶ ያበራ ሰው ያጸዳዋል፤ የይለፍ ቃሉ ካልተቀየረ ደግሞ ብዙም ሳይቆይ እንደገና ይያዛል።

እንዲህ ያለውን መሣሪያ ቋሚ ሜሞሪውን ብትመረምር ንጹሕ ነው። ጊዜያዊው ሜሞሪ ደግሞ በየቅጽበቱ ስለሚለዋወጥ ጤነኛ አሻራው ይህ ነው ብሎ አስቀድሞ መወሰን ያስቸግራል። ማልዌሩ የምርመራውን ሰዓት ካወቀ ቀድሞ ወጥቶ፣ ምርመራው ሲያልፍ ሊመለስም ይችላል። ለዚህ ከቀረቡት መፍትሔዎች አንዱ ኢራስመስ ነው፤ መሣሪያው እስኪጠየቅ ሳይጠብቅ ራሱን በየጊዜው እየመረመረ መዝገብ ይይዛል፣ ማዕከሉ ሲመጣ መዝገቡን ይሰበስባል። በሁለት ምርመራ መሃል ገብቶ የወጣ ግን አሁንም ያመልጣል። ከዚህም የከፋ አለ፤ አንዲት ፊደል ሳይለውጥ፣ የመሣሪያውን የራሱን ጤነኛ ኮድ ቁርጥራጭ በሌላ ቅደም ተከተል እያስፈጸመ የሚያጠቃ። አሻራው ትክክል ነው፤ ሥራው ግን የሌላ ሰው ነው። ኮዱ በየትኛው መንገድ እንደሄደ የሚመዘግቡ አሠራሮች ተሞክረዋል፣ ለትንሽ መሣሪያ ግን ከባድ ሸክም ናቸው።

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ ሊመስል ይችላል። አይደለም። የካርድ ቆጣሪ በየቤታችን ደጃፍ አለ፣ ካሜራ በየሱቁ ተሰቅሏል፣ ራውተር በየቢሮው አለ። ከቆጣሪው እስከ ራውተሩ አብዛኛው በጨረታ ወይም ከሱቅ ተገዝቶ የሚመጣ ነው፤ ገዢው ስለ ዋጋው፣ ስለ ዋስትናው፣ ስለ መለዋወጫው ይጠይቃል። ቁልፉ ማን እጅ ነው ያለው ብሎ የሚጠይቅ ግን አላጋጠመኝም። ነገሩ የሚወሰነው እዚያ ላይ ነው። የመሣሪያውን ምስጢራዊ ቁልፍና የጤነኛውን ፈርምዌር አሻራ የያዘ፣ ምርመራውን ማካሄድ የሚችለው እሱ ነው። ሁለቱም አምራቹ ጋ ብቻ ካሉ፣ በራሳችን ግንብ ላይ ስለተሰቀለው ዕቃ ጤንነት ለመጠየቅ ባሕር ማዶ መደወል ሊኖርብን ነው። አምራቹ ከከሰረ ደግሞ የሚመልስም የለም። በጨረታ ሰነድ ላይ ሁለት መስመር መጨመር ከዚያ በኋላ ከሚመጣው ሁሉ ይረክሳል።

ሥራውን ወደ አንድ ቋንቋ ለማምጣት የኢንተርኔት ደረጃዎችን የሚያወጣው አይኢቲኤፍ በጃንዋሪ 2023 አርኤፍሲ 9334 የተባለውን ሰነድ አውጥቷል። ማን ይመሰክራል፣ ማን ያረጋግጣል፣ በውጤቱ ላይ ተመሥርቶ ማን ይወስናል የሚለውን ይለያል። ደረቅ ሰነድ ነው፤ ቢሆንም አረጋጋጩና ወሳኙ የተለያዩ መሆናቸውን በግልጽ ማስቀመጡ ይጠቅማል። አንድ መሣሪያ ፈተና ወድቋል ማለት ይጠፋ ማለት አይደለም። የሆስፒታል መተንፈሻ መሣሪያ ፈተና ቢወድቅ ማን ነው ከበሽተኛው ላይ የሚነቅለው?

ውሳኔው የሚመካው ደግሞ በመልሱ ዝርዝርነት ላይ ነው። ሁሉም ደህና ናቸው ወይም አይደሉም የሚል የአንዲት ቢት መልስ አለ። ስንቱ እንዳለፈ የሚናገር ቁጥር አለ። የታመሙትን በስም የሚዘረዝር አለ። ማን ከማን ጋር እንደተያያዘ ጭምር የሚያሳይ ሙሉ ካርታም አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 ሊሳ የተባሉትን አሠራሮች ያቀረቡት ተመራማሪዎች ይህን ልዩነት በግልጽ አስቀምጠውታል፤ ዝርዝሩ በጨመረ ቁጥር መልእክቱ ይረዝማል፣ ባትሪው ያልቃል። ጥናቶቹ በፍጥነት ሲወዳደሩ አጭሩን መልስ ይመርጣሉ። ሜዳ ላይ የሚሠራ ሰው ግን ረጅሙን ነው የሚፈልገው።

የካቲት 17 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ የሩሲያ ጦር ዩክሬን ሊገባ ሰዓት ያህል ሲቀረው፣ የአሜሪካው ቪያሳት ባለቤት በሆነበት ኬኤ-ሳት ሳተላይት በኩል ኢንተርኔት የሚያገኙ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሞደሞች ባንድ ጊዜ ጸጥ አሉ። ጥቃት አድራሾቹ በደንብ ባልተዋቀረ ቪፒኤን በኩል ሞደሞቹ ወደሚተዳደሩበት ኔትወርክ ገብተው፣ የሞደሞቹን ሜሞሪ ደምስሰው ጻፉበት። ጀርመን ውስጥ ኤነርኮን የተባለው ኩባንያ 5,800 የነፋስ ተርባይኖቹን ከሩቅ መከታተል አቃተው፤ በድምሩ 11 ጊጋዋት የሚያመነጩ ናቸው። ተርባይኖቹ በራሳቸው እየተቆጣጠሩ መዞራቸውን ቀጠሉ። ቪያሳት ደንበኞቹን ወደ አገልግሎት ለመመለስ 30,000 የሚጠጉ ሞደሞች ለአከፋፋዮች ላከ። የኤነርኮን ቴክኒሻኖችም በየተርባይኑ ሥር እየሄዱ ሞደም ቀየሩ። ለዚያ ሥራ 5,800 የሚለው ቁጥር ምንም አይሠራም፤ የሚያስፈልጋቸው የትኛው ማማ፣ በየትኛው መንገድ እንደሚደረስበት፣ ሞደሙ ሞቶ ይሁን መስመሩ ብቻ ተቋርጦ የሚናገር ዝርዝር ነበር።